በቃኝ ያሉት ዘፋኝ

አባቴ መካነ ሰላም ውስጥ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጬ ስለ ዘፋኞችና ስለ ጊታር ተጫዋቾች እጽፋለሁ። የጀመርኩት በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ ስለ ውጭ አገር የሮክ ባንዶች በመጻፍ ነበር። ጋዜጣው ሲዘጋ ወደ ሬዲዮ ተሻገርኩ፤ ቀስ በቀስም ጆሮዬ ወደ አገር ቤት ባንዶች አዘነበለ። የመጀመሪያው መጽሐፌ የአንድ አንጋፋ ድራም ተጫዋች የሕይወት ታሪክ ነው። ለአባቴ ወስጄ ሰጠኋቸው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ጎፈሬያም ሰው አተኩረው አዩና፣

«ሰውየው አርፏል?» አሉኝ።

«ኧረ በሕይወት አሉ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ገድል የሚጻፈው ካረፉ በኋላ ነው።»

ሁለተኛው መጽሐፌ በሰዓት እላፊው ዘመን በሆቴሎች ይጫወት ስለነበረ አንድ ባንድ ነው። በሕይወት ያሉትን ተጫዋቾች ሁሉ አግኝቼ አነጋገርኩ፤ የቀሩኝ ዘፋኟ ብቻ ነበሩ። በአንድ ካሴት ላይ ሁለት ዘፈን ዘፍነው ከመድረክ የጠፉ ሴት ናቸው። ለምን እንደጠፉ ሁሉም የየራሱ ታሪክ አለው። ጊታር ተጫዋቹ ፍቅር ሰብሯቸው ነው ይላል። ሳክስፎን ተጫዋቹ፣ በቅናት መድኃኒት አቅምሰዋት ድምፅዋ ተዘጋ ብሎ ይምላል። ቤሩት ሞተዋል ያሉኝም ነበሩ።

አንድ ቀን ከአባቴ ጋር በስልክ ስናወራ፣ ዘፋኟ የእኛው የወሎ ቦረና ተወላጅ መሆናቸውን መስማቴን አነሳሁባቸው።

«ዘፋኝ የነበረችው? እዚህ ገበያው ዳር ብትን ጨርቅ የምትሸጠው ናታ» አሉኝ።

«እንዴት እስካሁን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ? ተደብቃ መስሎሃል? አገሩ ሁሉ ያውቃታል።»

በዚያው ሳምንት ተሳፈርኩ። ከደሴ የተነሳው ሚኒባስ አቀስታ ላይ ጎማ ሊያስጠግን ቆሞ፣ እኔ በብርዱ ጋቢዬን ተከናንቤ ስጠብቅ፣ የምጠይቃቸውን በልቤ እደረድር ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዎቼ ሁሉ የሐዘን ጥያቄዎች ነበሩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጣቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እሳቸው ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል። ገና ሰላምታዬን ሳልጨርስ፣ «የመሪጌታ ልጅ አይደለህም? ቁርጥ አባትህን!» አሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁ።

«ሱብሃነላህ! ያን ነገር እስከዛሬ የሚያነሳ ሰው አለ? ዛሬ ገበያ ነው ልጄ፣ ነገ ና።»

በማግስቱ በርጩማ አቀረቡልኝ። እኔም በቀጥታ ጠየቅኩ።

«እትዬ፣ ለምን ተዉት?»

«በቃኝ።»

«እሱስ ገባኝ። ግን ምን ደርሶብዎ ነው?»

«ምንም። በሰዓት እላፊው ጊዜ የሆቴሉ በር ከተዘጋ እስኪነጋ አይከፈትም። ስንዘፍን እናድርና ቀን እንተኛለን። አንድ ጠዋት ስወጣ ፀሐይ ወጥቷል፤ ሰው ሁሉ ዘንቢሉን ይዞ፣ ልጁን ይዞ ወደ ሥራው ይሄዳል። ቀናሁባቸው። እኔም ቀን መሥራት አማረኝ። በወሩ ተውኩት።»

«ድምፅዎ ተዘግቶ አይደለም?»

«ማነው ያለው? ያ ሳክስፎኑ ይሆናል። እሱ ድሮም ወሬ ይወዳል።»

ከዚያ በኋላ ጂዳ ሄደው ሰው ቤት እየሠሩ የሰው ልጆች ማሳደጋቸውን፣ ሲመለሱም ይህን ሱቅ መክፈታቸውን አጫወቱኝ። የጂዳውን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ስለነበር የምፈልገውን ሐዘን አገኘሁት ብዬ፣ «አሳዛኝ ሕይወት ነው ያሳለፉት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ጂዳ አሳዝኖኛል። ዘፈን አላሳዘነኝም። ሁለቱን እንዳታደባልቅብኝ፣ አደራ።»

በካሴቱ ላይ በደንብ የማይሰማኝ አንድ ስንኝ ስለነበረ በስልኬ አሰማኋቸው። አንዲት ሴት ገብታ የጨርቅ ዋጋ ስትጠይቅ እጃቸውን አንስተው ቆይ አሏትና እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ልጅቷ ጎበዝ ነበረች» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ። «ግን ትቸኩላለች።» ከዚያም ስንኙን በቀስታ፣ ቃል በቃል፣ ዘፈኑልኝ። ገዢዋ የያዘችውን ጨርቅ እንደያዘች ቀረች። እኔም ስንኙን ሳልጽፈው ስለቀረሁ እንደገና ማስደገም ግድ ሆነብኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ ቅር ብሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ያሳሰበኝ እንቆቅልሽ እንዲህ በአንድ ቃል ማለቁን አልወደድኩትም። አርታኢዬ ደግሞ ጭራሽ አላመነም።

«ሰው በቃኝ ብሎ ዝም ብሎ ይተዋል? አንባቢ አያምንህም። የፍቅሩን ወሬ ቢያንስ እንደ ጥርጣሬ አስገባው።»

ተከራከርን። ሌሎቹ የሚሉትን ሁሉ በየስማቸው ጽፌ፣ መጨረሻው ላይ ግን የራሳቸውን ቃል ሳልቀንስ ሳልጨምር አስቀመጥኩ። አንድ ምዕራፍ ይሆናል ብዬ ያሰብኩት ሦስት ገጽ ሆነ። መጽሐፉ ሲወጣ አንዳንዶች «ሴትየዋ ዋሽተውሃል» አሉኝ። አሁንም የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አምናቸዋለሁ።

መጽሐፉን ስወስድላቸው መነጽራቸውን አድርገው ሱቁ ውስጥ ለቀናት አነበቡት። የተቆጡት በአንድ ነገር ብቻ ነው። «የመድረክ ቀሚሴን አረንጓዴ አልከው፤ ሰማያዊ ነበር። ራሴ ነኝ የሰፋሁት።» በሁለተኛው እትም አስተካከልኩት።

ባለፈው ዓመት የመካነ ሰላም ትምህርት ቤት ስለ መጽሐፉ እንድናገር ጠራኝ፤ እሳቸውም መጡ። አባቴም ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። አንዲት ተማሪ ተነስታ፣ «እትዬ፣ አይቆጭዎትም?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሠርግ ላይ ሞቅ ሲል ይቆጨኛል» አሉ። «ከዚያ ምሳ ይቀርባል፣ እረሳዋለሁ።»

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን ከደሴ ዕቃ የሚያመጣላቸው መኪና መድረሱን በስልክ ሰምተው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከጭብጨባው በፊት ወጡ።