ሁለት የክብሪት ቀፎ

ዛሬ ጠዋት ዓለም ገና፣ ግቢያችን ውስጥ የአበባውን መደብ ስኮተኩት አንድ ጥቁር ትኋን ጣቴ ላይ ፈረጠ። የአልጋው ሳይሆን ያ አፈር የሚቆፍረው፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማይበልጠው ነው። ሽታው ሲመታኝ መኮትኮቻው ከእጄ ወደቀ። ተፍኪ ያለው የአባቴ ማሳ፣ ዝናብ አባርቶ ጥቁሩ መሬት በፀሐይ ሲተን፣ ከሩቅ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ፤ ሁሉም መጣብኝ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። እነዚህን ትኋኖች ሰብስበን በየወገናቸው እንድንመድብ ታዘን ከጓደኞቼ ጋር እኛ ማሳ ሄድን። አባቴ ቀድመው ቆፍረው ጠበቁን። በአንዱ የክብሪት ቀፎ ከሽምብራው ሥር ያገኙትን፣ በሌላው ከሣሩ ሥር ያገኙትን ለይተው ይዘዋል። ለእኔ ግን ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ነበሩ።

«ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ እስቲ አሽትቻቸው» አሉኝ። «የሽምብራው ይኮመጥጣል። የሣሩ ላምባ ላምባ ይላል።»

ጓደኞቼ ሳቁ። በአባቴ አፈርኩ፤ ይህን ስናገር ዛሬም ፊቴ ይግላል። «አባ፣ ሳይንስ በአፍንጫ አይሆንም» አልኩና ሁለቱንም ቀፎ አልኮል ያለበት አንድ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አባቴ ባዶዎቹን ቀፎዎች ዘግተው ኪሳቸው ከተቱ።

በሳምንቱ መምህራችን ከማይክሮስኮፑ ቀና ብለው «እነዚህ እኮ ሁለት ወገን ናቸው» አሉ። የእግራቸው እሾህ ይለያያል። «የትኛው ከየት ተያዘ?» ሁሉንም የቀላቀልኩት ራሴ ነበርኩ። ለአባቴ ልነግራቸው አስብና ኩራቴ ይይዘኛል። ነገ ነገ ስል ዓመታት አለፉ።

ማሳው ላይ አሁን መጋዘን ቆሟል። አባቴ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት። አምና ከታመሙ ወዲህ ማሽተት አቅቷቸዋል፤ ወጥ ሲያርር እንኳ አይታወቃቸውም።

ጣቴን ሳልጠርግ ፀሐይ ወደሚሞቁበት ሄድኩ።

«አባ፣ ያኔ የቀላቀልኳቸው ትኋኖች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንቱ ነበሩ ልክ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ታዲያ ምን አልኩሽ!» ብለው ሳቁ። ጣቴን ይዘው አፍንጫቸው ሥር አቆዩት፤ ብዙ አቆዩት። ከዚያ እጄን ቀስ ብለው ወደ እኔ መለሱት።

«ምን ምን ይላል?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቤበት አሸተትኩ። «ይኮመጥጣል፣ አባ።»

«የሽምብራው ነዋ!» አሉ፣ ራሳቸው እንዳሸተቱት ሁሉ።