ቀጥ ያለው ጉንጭ

«ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነው፤ ግን ልክ አይደለም» አለኝ።

ልክ አይደለም! ላሜራ ስቀጠቅጥ የሸበትኩትን፣ ማንም ሳያስተምረኝ የሰው እጅ እያየሁ ብቻ ሙያውን የጨበጥኩትን፣ መርካቶ ውስጥ «የእሱ በር አይንጋደድም» የተባለልኝን ሰው። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሱቁን ለልጄ ካስረከብኩ ወዲህ የፊልም ዕቃ እሠራለሁ። ተዋናዮች የያዙትን ጋሻ፣ ያጠለቁትን የራስ ቁር፣ ፊልሙን እያስቆምኩ እያየሁ አስመስዬ አወጣዋለሁ። በስልክ የምንገናኝበት ግሩፕም አለን። አብዛኞቹ አባላት ስፖንጅ በሙጫ አጣብቀው፣ ፕላስቲክ በማሽን አትመው «ሠራን» የሚሉ ወጣቶች ናቸው። ከብረት በመዶሻ የሚያወጣ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ደግሞ እነሱም አይክዱም።

ያን ሰሞን ግሩፑ አዳራሽ ተከራይቶ የመጀመሪያውን ኤግዚቢሽን ሊያሳይ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚወጣው አባላቱ አይተው «ከፊልሙ ጋር አንድ ነው» ያሉት ሥራ ብቻ ነው። እኔ በወጣትነቴ ያየሁትን የአንድ የጠፈር ፊልም አዛዥ የራስ ቁር ሁለት ወር ሙሉ ቀጥቅጬ ጨርሻለሁ። እንደሚያልፍ ስላልተጠራጠርኩ ከሸማ ተራ እስከ አውቶቡስ ተራ ላገኘሁት ሁሉ «መጥታችሁ እዩልኝ» ብያለሁ።

ፎቶውን ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት። ያን ጊዜ ነው የግሩፑ አድሚን ያን «ልክ አይደለም» የሚል ቃል የተናገረው። «የፊልሙ ቁር የግራ ጉንጩ ከቀኙ ዝቅ ይላል፤ ዋናው በችኮላ ስለተሠራ ጠማማ ነው። የእርስዎ ቀጥ ብሏል።»

«ጠማማ ሥራ ከእጄ አይወጣም!» ብዬ በድምፅ ላክሁለት። «የእነሱ ስህተት የእኔ ዕዳ ነው?»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ስህተቱንም ነው የምንሠራው።»

ከልጄ ሱቅ አጠገብ የበር ቁልፍ የሚሸጠው ወሎዬ ጎረቤታችን ይህን ሰምቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ደንበኛ ተንጋደደ ብሎ ሲጮህ አውቃለሁ። ቀጥ አለ ብሎ የሚጮህ ግን ወላሂ ዛሬ ገና ሰማሁ!»

«እኔ ላይ ጮሆ የሚያውቅ ደንበኛ የለም» አልኩት።

«አሁን ተገኘልህ!»

ቤቴ ገብቼ ፊልሙን ከፈትኩ። ላሳፍራቸው ነበር። አዛዡ ፊት ለፊት ሲመጣ አስቆምኩና የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ማስመሪያ አሳረፍኩ። የግራው ጉንጭ በአንድ ጣት ወርዷል። ያን ምስል ስንት መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ! ሚሊ ሜትር የማትስተው ዓይኔ አይታ፣ እጄ ሳያማክረኝ አቃንቶታል። ማስመሪያውን ወረወርኩት። በልጆቹ መናደድ ይቀላል፤ በገዛ እጅ መናደድ ግን መውጫ የለውም።

በማግስቱ የግራውን ጉንጭ ቆርጬ ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። እንዲወርድ ብዬ ስመታው እጄ መልሶ አነሳው። ጥዬ ሌላ ላሜራ ቆረጥኩ፤ ይኸኛውንም አነሳው። መጨረሻ ላይ ከምስሉ ላይ ጠማማ የካርቶን ፎርማ አወጣሁና፣ ዓይኔን ሳላምን ፎርማውን ብቻ ተከትዬ ቀጠቀጥኩ። ጠማማ ነገር አስተካክሎ መሥራት ከቀናው ይከብዳል፤ የሚጠራጠር ይሞክረውና ይየው። አዲሱን ፎቶ ስለቅቀው ሻይዬን ሳልጨርስ ሁሉም አሳለፉት።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ቁሩ መሃል ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ወጣቶቹ ከበው ፎቶ አነሱት። የጠራኋቸው የመርካቶ ሰዎችም አላሳፈሩኝም፤ ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ከፊታቸው አብሮኝ ያረጀ ቀጥቃጭ ነበር። ሁለት አውራ ጣቶቹን በሁለቱ ጉንጮች ሥር አኖረ፣ አንዱን ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ወንድሜ፣ ዓይንህን ለሐኪም አሳይተኸዋል እንዴ?»

«ሆን ብዬ ነው!»

«አይዞህ፣ እኔም ጀምሮኛል» አለኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አለፈ።

ከኋላው የመጣውም እንደዚያው አውራ ጣቶቹን ጉንጮቹ ሥር አኖረ። ፊልሙን ስልኬ ላይ ከፍቼ፣ አዛዡ ፊት ለፊት የሚመጣበት ቦታ ላይ አስቆምኩ። አዳራሹ እስኪዘጋ ድረስ ከመርካቶ ለመጣ ሰው ሁሉ እሱን እያሳየሁ ስጮህ ዋልኩ።