የውኃ ውስጥ ባትሪ የገዛሁ ዕለት

ከልባችሁ የምታምኑት ሰው ዓይን ዓይናችሁን እያየ የተበላሸ ዕቃ ሸጦላችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ዕቃው የእጅ ባትሪ ነበር፤ ግን ማታ መንገድ የምናበራበት ሳይሆን ጠላቂዎች ይዘውት ውኃ ውስጥ የሚገቡት ዓይነት።

ዲላ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባሕር የለንም፤ ሐይቅም የለንም። ነገር ግን አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ሐዋሳ ላይ ዓሣ ከሚያጠኑ ጠላቂዎች ጋር ይሠራ ነበር። አየር የተሞላውን ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ መተንፈስን በሁለት የትምህርት ቤት ዕረፍቶች፣ የሰው ቁመት በማይሞላ ውኃ ውስጥ አለማመደኝ። በሦስተኛው ዕረፍት ሐይቁ ውስጥ ይዞኝ ሊወርድ ቃል ገባ። "ውኃው ድፍርስ ነው፤ የራሱን መብራት ያልያዘ አይወርድም። እኛ ትርፍ የለንም" አለኝ።

ይህን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስናገር ሳቁብኝ። "የዲላ ዓሣ መጣ! ውኃ አቅርቡለት!" ይሉኝ ጀመር። ያልሳቀብኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥ ደንበኛዬ። ጋሼ እለዋለሁ። ከሥራ ስወጣ በርጩማ ይስብልኛል፤ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል።

ስለ ባትሪ ያጠናሁትን ሁሉ አስረዳሁት። ርካሽ መሆኑ አያስነውርም፤ ምን እንደሚፈለግ ማወቅ ነው ዋናው። ድፍርስ ውኃ ጠባብ ጨረር ይፈልጋል፤ ሰፊው ጨረር ከደለሉ ላይ ተመልሶ የያዘውን ሰው ያሳውራል።

"ቡሌ ተራራ መንገድ ላይ፣ ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ያበራ ሹፌር በለኛ!" አለኝ። ምሳሌውን ክፍል ውስጥ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ።

ቀጠልኩለት። ስንት ሜትር ጥልቀት እንደሚችል ያልተጻፈበት ባትሪ ለዝናብ እንጂ ለሐይቅ አይሆንም። ከሁሉ በላይ ክዳኑ ሥር ያለችው ጎሚኒ፣ ያቺ ቀጭን የጎማ ቀለበት፣ ስንጥቅ ሊኖራት አይገባም። ውኃውን የምትከለክለው እሷ ናት።

"ገባኝ ቲቸር። ካልገባኝማ ፈትነኝ!"

ዕረፍቱ ሲቃረብ አስጠራኝ። ከመደርደሪያው ሥር ጥቁር፣ ከበድ ያለ ባትሪ አወጣ። ጨረሩ ጠባብ ነው፤ ሜትሩም ተጽፎበታል፤ ዋጋውም የመምህር ደመወዝ የሚችለው። ክዳኑን ልፈታ ስይዝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እኔን ነው የምትጠራጠረው?"

"ኧረ ጋሼ፣ ጎሚኒዋን ልያት ብዬ እንጂ..."

"በሞቴ! ለአንተ ያልመረጥኩ ለማን ልመርጥ ነው?"

አፈርኩና ተውኩት። ይሉኝታ የያዘው ሰው ይረዳኛል፤ ስንት ጊዜ በርጩማ የሳበልህን ሰው ዕቃ ፊቱ ላይ መመርመር ስድብ ይመስላል። ቤቴ ገብቼ እንኳ አልፈታሁትም።

ሐይቁ ዳር፣ ልንወርድ ስንል፣ ጓደኛዬ ባትሪውን አብርቶ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነከረው። ከክዳኑ ዙሪያ ትናንሽ አረፋዎች ተከታትለው ወጡ። ብርሃኑ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠፋ። ሲፈታው ጎሚኒዋ ተበጥሳ በሙጫ ተቀጥላለች።

"ይህን ያጣበቀ ሰው እያወቀ ነው" አለኝ። "አዝናለሁ ወንድሜ፣ አትወርድም።"

የጠላቂ ልብሱን ለብሼ፣ ሲሊንደሩን አዝዬ ነበር። አወለቅኩና ዳር ቁጭ ብዬ የጠላቂዎቹ አረፋ ከሐይቁ ዳር እየራቀ ሲሄድ አየሁ። ሥራቸው በዚያ ሰሞን አለቀ፤ ጓደኛዬም አብሯቸው ወደ ሌላ አገር ሄደ። የእኔም ተራ በዚያው ቀረ።

ዲላ እንደተመለስኩ ባትሪውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ጋሼ አልነካውም።

"ወርቃ መንደር ያለ የቡና ማጠቢያ ጥበቃ ነው ገዝቶ የመለሰው፤ ገንዳ ውስጥ ወድቆበት ውኃ ገባው ብሎ" አለ። "ጎሚኒዋን ያጣበቅኳት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለእኔ ለምን?"

"እውነቱን ልንገርህ ቲቸር? ትገባለህ ብዬ አላሰብኩም። ወሬህ ደስ ይለኛል እንጂ ከዲላ ተነሥቶ ሐይቅ ሥር የሚገባ ማን አለ? ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል ብዬ ነው።"

ገንዘቡን መለሰልኝ፤ ተቀበልኩት። የተጎዳሁት ግን በገንዘቡ አልነበረም። መምህራኑ ሲስቁብኝ ፊት ለፊት ነበር። እሱ ሳቁን ውጦ፣ በርጩማ ስቦ፣ "ገባኝ" እያለ ለወራት አዳመጠኝ። ከእነሱ የሸሸሁት ወደ እሱ ነበር።

ስለዚህ እናንተ እንዲህ ያለ ዕቃ ስትገዙ ሻጩ እያየ ክዳኑን ፍቱ፤ ጎሚኒዋን ዙሪያዋን በጣታችሁ ዳስሱ። ከዚያ አንድ ጆግ ውኃ ጠይቁና ባትሪውን እንደበራ ሻጩ ራሱ እንዲነክረው ስጡት። አረፋውን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም ተመልከቱ። ሻጩ የምትወዱት ሰው ከሆነ ደግሞ እባካችሁ፣ በተለይ ያኔ ሞክሩት።