ጥይት ሲወደድ

ዛሬ ስለዚያ ጊዜ ሳወራ ልጆቹ «እርስዎን ደግሞ ከጠመንጃ ጋር ምን አገናኘዎት?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ የኮርቻ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ በታች ተወልጄ ያደግሁ። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ዓይኑ በመርፌና በጠፍር ሲደክምበት፣ አንድ እሑድ ውጅግራውን ከግድግዳ አውርዶ «እንግዲህ የቤታችን ቦታ ባንቺ ይቁም» አለኝ። ውጅግራ አንዳንድ ጥይት እየጎረሰ የሚተኩስ አሮጌ የፈረንጅ ጠመንጃ ነው። ትከሻ ይሰብራል፤ ግን አይዋሽም።

ቦታ የምለው ከዒላማ ማኅበራችን ያለንን ቦታ ነው። ነጋዴው፣ አናጢው፣ ሸማኔው፣ ከቅዳሴ መልስ እህል ቀምሰው ከወንዙ ማዶ ገደሉ ሥር ይሰበሰባሉ። ቅል ይሰቀላል፣ በተራ ይተኮሳል፣ ከዚያ ጠላ ይጠጣል። ጥይቱን ተረኛው ያቀርባል፤ እንደ ድግሱ ማለት ነው። ለጦርነት አይደለም፣ ለአደንም አይደለም፤ ለደስታ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጠፍር ስጎትት በሐሳቤ የምትመላለሰው ያቺ ቅል ነበረች። አባቴ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ያዳምጣል፤ ማን እንደመታ፣ ማን እንደሳተ በጆሮው ያውቃል።

በዚያን ጊዜ ጥይት ራሱ ገንዘብ ነበር። ገበያ ወጥቶ ብር የሰጠ ሰው መልሱን በአሞሌ ጨው ወይም በጥይት ይቀበላል። እናቴም ጥይቱን ከጨው ስባሪ ጋር ባንድ ሙዳይ ነበር የምታኖረው።

ከዚያ ተወደደ። «ፈረንጆቹ በባሕሩ በኩል አናሳልፍም አሉ» ተባለ፤ «የለም፣ ነጋዴው ደብቆት ነው» ተባለ። ወሬው ብዙ ነው። እኔ የማውቀው፣ ባንድ ብር እፍኝ ሙሉ ይዘግኑልኝ የነበሩት ወሎዬው ሐጂ ጥይታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ግራ ቀኝ እያዩ ማሳየት መጀመራቸውን ነው።

አንድ እሑድ የማኅበሩ አለቃ ተነሡ። የማኅበር አለቃ «ሙሴ» ይባላል፤ የኛው ሙሴ ሀብታም የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ።

«ጥይት ተወድዷል» አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«ድሮስ መቼ ተጠልቶ ያውቃል?» አልኩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። «ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ የራሱን ጥይት ያልያዘ ከመስመሩ አይቆምም፤ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። አንቺም ልጄ፣ ለወንዱ ያልበቃ ጥይት በሴት እጅ ሲባክን ዝም ብለን አናይም። ይልቅ እንዝርትሽን አሹሪ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ጥይት ሲወደድ መጀመሪያ የምረክሰው እኔ! ወደ አባቴ ዞር ብል አንገቱን ደፍቷል። የሃያ ዓመት ቦታው በኔ እጅ ሊጠፋ ነው። እኔ ቆሜ? ሞቼ እገኛለሁ!

ሳምንቱን ልጓም ሰፍቼ ዓርብ ዕለት ለሐጂ ወሰድኩላቸው። «ሐጂ፣ ይህን ይውሰዱና አንዲት የውጅግራ ጥይት ይስጡኝ።» ልጓሙን አገላብጠው አዩ። ጥይቷን ከጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቋት፤ ያኔ በባሩድ ፈንታ አመድ እየሞላ የሚሸጥ ሌባ ስለነበረ ማንም ሳይነቀንቅ አይገዛም። «ይቺስ አታሳፍርሽም» አሉ። «ግን አንዲት ጥይት ምን ልታደርግልሽ?»

«ቅሉም አንድ ነው» አልኳቸው።

ቤት ገብቼ በቀለሁ ቂጥ ላይ በወስፌ ትንሽ መስቀል ጫርኩባት። ከዚያ አኖርኳት። የት? ጥይት የሚኖርበት ቦታ መቼ ይጠፋል፤ ከሙዳዩ።

እሑድ ጠዋት ሙዳዩን ብከፍት ጨው ብቻ።

«እናቴ! ጥይቴስ?»

«የቱ ጥይት? እ... እሱንማ ትናንት በርበሬ ገዛሁበት» አለች። ፊቴን ስታይ ጊዜ «ኧረ ጥሩ በርበሬ ነው» ብላ ጨመረችበት።

ወይ ጉድ! በእናት ላይ አይጮኽ። ነጠላዬን እንኳ ሳላጣፋ በርበሬ ሻጯ ቤት በረርኩ። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «አንቺን የመሰለ ተኳሽ ጥይት ከኔ ይፈልጋል? የናንተው ሙሴ ትናንት ገበያውን ሲዞሩ ውለው የሁላችንንም ጥይት በጨው ለቀሙት እኮ!»

እኔም ውጅግራዬን አነገትኩ፤ አባቴን በእጁ ይዤ ገደሉ ሥር ወረድኩ። ከመስመሩ ግማሹ ሰው የለም፤ ጥይት አጥቶ ቤቱ ቀርቷል። ሙሴው ግን ዝናራቸው ጢም ብሎ ቆመዋል። ጠጋ ብዬ የቀለሆቹን ቂጥ አንድ በአንድ አየሁ። መስቀሌ ከሦስተኛው ላይ አለች።

«ይህችን እኔ ነኝ የጫርኳት» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ገዝተዋታል፣ አልከራከርም። ግን ጥይት ጠፋ ብለው ሰው የሚያስወጡት፣ ገበያውን ጠርገው ወገብዎ ላይ ታጥቀውት ነው? የማን ቤት ጠፍቶ የማን ሊበጅ!»

አናጢው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ሌላውም። ሙሴው ፊታቸው ቀላ፤ ጥይቷን መዘው እጄ ላይ ጣሏት። «እንኪ! አንዲት ጥይት፣ አንድ ቅል። ከሳትሽ ጠመንጃሽን ሰቅለሽ ሁለተኛ እንዳትመጪ!»

አጎረስኩ። ሰደፉን ከትከሻዬ አስደግፌ ትንፋሼን ያዝኩ። ቃታውን ሳብኩ።

ጢሱ ሳይበተን ከኋላዬ አባቴ «ሰማኋት!» ብሎ ጮኸ። ቅሏ ለሁለት ተከፍላ ገመዱ ላይ አንገቷ ብቻ ይወዛወዝ ነበር።

ያን ቀን እንዲህ አለፈ። የሚቀጥለው እሑድስ? ልጓም አልነበረኝ፣ ጥይት አልነበረኝ፤ ሐጂም ጭራሽ አልቆባቸዋል። አባቴ «ዛሬስ እንቅር» አለኝ። አልቀረንም። ባዶ ውጅግራዬን ይዤ ከቦታዬ ቆምኩ።

«ጥይትሽስ?» አሉ ሙሴው።

«ተወድዷል» አልኳቸው።

ተራዬ ሲደርስ ቅሏ ላይ አነጣጠርኩ፤ ትንፋሼን ይዤ ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ አለ። «መታሁ!» አልኩ። ከዚያ ሁሉ ወንድ «ስተሻል» የሚል አልተገኘም።