ባርኖና በትእዛዝ የተሳለው ሱዛኒ

በከተማችን በኑራታ ገበያ ዓይኗ የደከመ አንዲት ክር ሻጭ አሮጊት አለች። አንድ ብርዳም ቀን፣ አንዲት ሴት አጠገቧ ቁጢጥ ብላ በዐሥር መርፌ ዐሥር ዓይነት ክር ስታስገባላት አየሁ። መርፌዎቹን በአሮጊቷ ኮት ላይ በተርታ ሰክታላት ስሟን ሳትናገር ሄደች። በማግስቱ እኔ ምድጃ በማነድበት ትምህርት ቤት ያችው ሴት አዲሷ የኮምፒውተር መምህርት ሆና መጣች። ባርኖ ትባላለች።

ባርኖ ልጆቹን ቁጥርና ትእዛዝ እየጻፉ ሥዕል መሥራት ታስተምር ጀመር። «ኮምፒውተሩ ብዕር ይዟል፤ ሂድ ስትሉት ይሄዳል፣ ዙር ስትሉት ይዞራል» ትላቸው ነበር። ርእሰ መምህሩ ግን አልተዋጠለትም።

«አበባ መሳል ጨዋታ ነው። እስከ ጸደይ በዓላችን እስከ ናውሩዝ አንዲት ጠላፊ እንኳ መርፌ የምታነሳለት ሥራ ካላሳየሽኝ፣ ሰዓቱን ለሒሳብ እሰጠዋለሁ» አላት።

በእኛ ዘንድ ሱዛኒ የሚባለው ትልቅ ባለ አበባ የግድግዳ ጨርቅ ሲጠለፍ ጨርቁ ለእናት፣ ለእህት፣ ለአክስት በቁራጭ ይታደላል። ባርኖም ለአራት ልጃገረዶች አንዳንድ ቁራጭ አደለች፤ እያንዳንዷ የየራሷን ትእዛዝ ጻፈች። በወረቀት ታትሞ ሲገጣጠም የመሀሉ ትልቅ አበባ ግማሹ ከግማሹ አልገናኝ አለ።

«መምህርት፣ እነዚህ እኮ የተኮራረፉ ጎረቤቶች ናቸው» አለች ሰቫራ የምትባለው ተማሪ።

ባርኖ ሳቀች፤ ከዚያ ግንባሯን መታች። «እናቶቻችን መጀመሪያ ቁራጮቹን ወስውሰው ያያይዛሉ። የሚተረትሩት በሙሉው ጨርቅ ላይ ከተሳለ በኋላ ነው። እኔ ሳይሳል ተረተርኩት።»

እንደገና ጀመሩ። አራቱም ተሰብስበው ሥዕሉን በአንድ ትእዛዝ ጻፉት፤ ቀለሙን ብቻ እያንዳንዷ ለቁራጯ መረጠች።

በናውሩዝ ሳምንት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሱዛኒ ሲስሉ የኖሩት እትዬ ኡግሎይ ተጋብዘው መጡ። ከወረቀቱ ወደ ተያያዘው ጨርቅ በተቀዳው የሐረግ ሥዕል ላይ ጣታቸውን አስኬዱ፤ ሦስቱንም ስፌት ሲያልፍ አልተቆረጠም።

«ማን ሳለው?»

«ኮምፒውተሩ፣ አክስቴ። እኛ አዘዝነው» አለች ሰቫራ።

«ታዛዥ ነው። ምራቴ እንዲህ ብትሆን የት በደረስኩ። እስቲ አበባውን ዐሥራ ሁለት ቅጠል በዪው።»

ሰቫራ አንድ ቁጥር ለወጠች። ስምንት የነበረው ቅጠል በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ ዐሥራ ሁለት ሆኖ ፈካ። እትዬ ኡግሎይ ቅጠሎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«እኔ ይሄንን ለማቃናት ሁለት ቀን ይፈጅብኝ ነበር» አሉና ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። «በሉ መርፌ አምጡ።»

የመጀመሪያውን ቅጠል ርእሰ መምህሩ ፊት ጠለፉት። እሱም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «የኮምፒውተር ሰዓቱ አይነካም... እንዲያውም እጥፍ፣ ሁለት ሰዓት ይሁን» አለ። ልጆቹ ተቃቀፉ። እኔም አመድ መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ አላህን አመሰገንኩ።

ማታ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ባርኖ እኔ ወዳለሁበት ወደ ምድጃው መጣች።

«ጋሽ ኔማት፣ ልጆቹ የጥልፉን ቅርጾች አንድ፣ ሁለት እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ እትዬ ኡግሎይ ግን የሁሉንም ስም ያውቃሉ። እርስዎ ንባብና ጽሕፈት ይወዳሉ። ዓርብ ከሶላት በኋላ እሳቸው ዘንድ ሄደው ስሞቹን በደብተር ይጽፉልኛል?»

እሺ ብያት መጥረጊያዬን አስቀመጥኩና ደብተር ፍለጋ ተነሣሁ።