ኪቦርድ የማይሰሙ ማንጎዎች

የልጅ ልጄ በልጅነቷ የወባ ንዳድ ከጣላት ወዲህ ሁለት እጇ ይንቀጠቀጣል። ያም ሆኖ ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር ባለ ሆቴል ሒሳብ ተቀባይ ሆና ተቀጠረች። ማውስ ስትይዝ ቀስቷ ስክሪኑ ላይ እንደ ፌንጣ ስለምትዘልባት በኪቦርድ ብቻ ነበር የምትሠራው። አንዷን ቁልፍ ስትጫን ስክሪኑ ላይ ካለ አንድ ግራጫ ሳጥን ወደ ሌላው ታልፋለች፤ ሌላዋን ስትጫን ትእዛዙ ይገባል። እኔ ከፊደል የዘለለ ትምህርት የለኝም፤ ሳጥኖቹ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጡ እንደሆኑና ለኪቦርድም ለማውስም እንደሚታዘዙ የነገረችኝ እሷ ናት።

ባለሆቴሉ ግን ግራጫው ሰለቸው። ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጥቶ ሳጥኖቹን በሙሉ በማንጎና በፓፓያ ሥዕል አስለወጠ። በማግስቱ ልጅቷ ቁልፎቹን ብትደበድብ አንድም ማንጎ አልሰማት አለ።

«ማውስ መያዝ ካልቻልሽ ዕቃ አጠባ ግቢ» አላት ባለሆቴሉ።

እያለቀሰች መጣች። እጇን ይዤ ተመለስኩ። ምሳ ሰዓት ነው፤ ሹፌሮች ቤቱን ሞልተውታል።

«እትዬ፣ ደህና ዋሉ? ማንጎዎቹን አዩልኝ?» አለ ባለሆቴሉ።

«አየሁ፣ ያምራሉ። በሩን ቀለም ቀብተህ እጀታውን ነቅለኸዋል።»

ገና ወደ አዲስ አበባ ያልተመለሰው ባለሙያ ሣቀ። «እማማ፣ ዘመናዊ ነው እኮ። ትለምደዋለች።»

«እጇ እንቢ ያላትን በምን ትልመደው?» አልኩና ማውሱን ከነገመዱ መዝዤ መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። «በል ተቀመጥ። በኪቦርድ የአንድ ሹፌር ምሳ አስገባልኝ።»

ነካካ። ደገመ። ማንጎው ንቅንቅ አላለም።

«ኧረ ሒሳብ! ኮምቦልቻ ሳልደርስ ሊመሽብኝ ነው!» አለ አንድ ሹፌር።

«ማንጎው እስኪበስል ጠብቅ!» አለው ጓደኛው። ቤቱ በሣቅ ፈነዳ።

ባለሆቴሉ ፊቱ ተለዋወጠ። «እትዬ፣ ማውሱን ይስጡኝ።»

«ይቺን ልጅ ከወንበሯ ስታነሣ ማንን ጠየቅህ? በምትችለው ሥራ ቀጠርካት፤ ሥራውን የለወጥከው አንተ ነህ። ወንበሯን መልስ፣ ማውስህን እመልሳለሁ።»

ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የድሮዎቹን ሳጥኖች መመለስ ይቻላል። መልኩ ግን ይበላሻል» አለ።

«ይበላሽ! እዚህ መልክ ሊበላ የመጣ ሰው የለም» አልኩ።

ባለሆቴሉ እየከፋው እሺ ብሎ የሹፌሮቹን ሒሳብ በወረቀት እየጻፈ ተቀበለ፤ ባለሙያው ምሳውን ሳይቀምስ ላፕቶፑን አውጥቶ ሲሠራ ዋለ። ማውሱን ያስረከብኩት ልጅቷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን ሒሳብ ስታስገባ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው። ባለሆቴሉ ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም አይለኝም። አይበለኝ።