ፈቃዴን የማሳልፍበት ቦታ

በፋብሪካችን የፈቃድ ቅጽ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፤ «ፈቃዱን የሚያሳልፉበት ቦታ» ትላለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያች መስመር ላይ «ባሕር ዳር» እያልሁ ጻፍሁ። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም፤ እውነቱ ይኼው ነው። የሥራ ጓደኞቼ ደሴም፣ አዲስ አበባም፣ አስመራም ዘመድ አላቸው፤ ይሄዳሉ፣ ቅቤና በርበሬ ተሸክመው ይመለሳሉ። እኔ ቤቴ ተኝቼ፣ ልብሴን አጥቤ፣ የቀበሌ ስብሰባ ተቀምጬ እጨርሰውና ወደ ጨርቅ መመርመሪያው እመለሳለሁ። በሰባተኛው ዓመት ግን ያችን መስመር ለመሙላት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አባቴ ሞተው ነበር፣ እኔም የት ቁጭ ብዬ እንደማለቅስላቸው አላውቅም ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ስለሚሏቸው እኔም አንዲት ልጃቸው «የኔታ» እያልሁ አደግሁ፤ አባዬ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። አብዮቱ መጥቶ የደብሩ መሬት ሲወረስ ተማሪው ተበተነ። በዓመቱ እናቴ ሞተች። ከዚያ በኋላ የኔታ ባሕር ዳር መጥተው ከእኔ ጋር በኪራይ ክፍሌ ተቀመጡ። ማለዳ ወደ ፋብሪካ ስወጣ በሩ ላይ ቆመው ይሸኙኛል፤ ከሰዓት ስመለስ እዚያው በሩ ላይ አገኛቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ እዚያው ቆመው ይውላሉ ወይ ብዬ እስክጠረጥር ድረስ።

አንድ ቀን ግን ስመለስ በሩ ላይ የሉም። አልጋው ጫፍ ተቀምጠው፣ ዳዊታቸውን በማኅደሩ ከትተው ጠበቁኝ።

«ልመነኩስ ነው» አሉ።

የት ብዬ ስጠይቃቸው ጣና ላይ ያለችውን፣ ሴት የማትረግጣትን ደሴት ጠሩልኝ።

«ከዚህ ሁሉ ገዳም ሴት የሚገባበት ጠፍቶ ነው የኔታ?» አልሁ፤ መጮኼን እንኳ አላወቅሁም።

«ለዚሁ እኮ ነው ልጄ። በየሳምንቱ እየመጣሽ ካየሁሽ ምኑን መነኮስሁት?»

የሚመነኩስ ሰው በቁሙ ፍትሐት ይደረግለታል። እንደ ሬሳ ተጋድሞ መጽሐፈ ግንዘት ይነበብለታል፤ ሲነሣ ለዓለም የሞተ ነው። የኔታ በተገነዙበት ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርሁ፤ ስንት ጣቃ ጨርቅ እንዳሳለፍሁ አላስታውስም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳለቅስ ጎረቤቴ ሰምታ መጣች። ነገሩን ስነግራት፣ «አንቺ ደግሞ! ለመነኮሰ ሰው ይለቀሳል እንዴ? ይልቅ ደስ ይበልሽ» ብላኝ ወጣች። ደስ አላለኝም።

ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው የሠራተኛውን ሁሉ የግል ማኅደር እንደ አዲስ አስሞላ። «የአባት ሁኔታ» የሚል ነበረበት። እኔም «በሕይወት የሉም» ብዬ ጻፍሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ካየነው አልዋሸሁም። በዚያ ላይ ያን ጊዜ የመነኩሴ ልጅ ነኝ ማለት ለማንም አይበጅም። ግን ለራሴ ምን አስዋሸኝ? ተናድጄ ነበር። ጥለውኝ ሄዱ፣ እኔም በእስክሪፕቶ ገደልኋቸው። ቅጹን ሰጥቼ ስወጣ ደግሞ ቀለል አለኝ፤ አሁን ሳስበው ያ ቅለት ያሳፍረኛል።

ሦስት ዓመት አለፈ። እሳቸው ምንም አልላኩም፣ እኔም አልላክሁም።

በጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ እንጨት ልገዛ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። ከዘጌ በታንኳ እንጨት የሚያመጣ ደንበኛ ነበረኝ፤ ለደሴቱም እህል የሚያደርሰው፣ የኔታንም ያሻገራቸው እሱ ነው። አየኝና የያዘውን እስር መልሶ አስቀመጠ።

«አልሰማሽም እንዴ? የኔታ ዐረፉ እኮ። ሳምንታቸው።»

ሳምንታቸው! እኔ በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ መሳቄን አስታውሳለሁ።

ሰኞ ጠዋት የሠራተኛ አስተዳደር ገባሁ። ኃላፊው የሐረር ሰው ነው፤ ጨዋታ ይወዳል፣ ክፉ አልነበረም። አባቴ ሞተውብኛል፣ የሐዘን ፈቃድ ስጠኝ አልሁት። አዝኖ ማኅደሬን አወጣ፣ ገለጠ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና ገለጠ።

«ጓዲት፣ አባትሽ እኮ የዛሬ ሦስት ዓመት ሞተዋል። እዚህ በእጅሽ ጽፈሻል። ሰው ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?»

ጥግ ያለችው ጸሐፊ ሳቀች። ምን ልበለው? በቁማቸው ሞተው ነበር፣ አሁን ደግሞ ተኝተው ሞቱ ልበለው?

«ስሚ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደክሞሻል መሰለኝ፣ ፊትሽ ጠቁሯል። የዓመት ፈቃድሽ አሥራ አምስት ቀን አልተነካም። እሱን ውሰጂና ተዝናኚ። በቃ፣ ዘንድሮ እንኳ ባሕር ዳር ብለሽ እንዳትጽፊ!»

ቅጹን ሰጠኝ። እንግዲህ የምለቅስበትን ቦታ እንደ ሽርሽር ቦታ መምረጥ ያዝሁ።

መመርመሪያ ክፍሉ ሁሉ አማካሪ ሆነ። አንዷ ወንዛዬ ሂጂ፣ ፍል ውሃው አጥንት ያለሰልሳል አለችኝ። አሰብሁበት። ፍል ውሃ የሄደ ሰው ግን ሥራው ሕመሙን ማውራት ነው፤ ጎንሽ የተነከረችው ሁሉ «አንቺስ ምንሽን ነው?» ትላለች። ምኔን ልበላት? ሌላዋ ጢስ ዓባይ አለች። እሱ ልቤን ገፋው፤ ፏፏቴው ሥር ተቀምጬ የቻልሁትን ያህል ብጮኽ ማንም አይሰማኝም ነበር። ግን ከዚያ ጣና አይታይም። ሐይቁን ጀርባዬ አድርጌ ላለቅስላቸው አልፈለግሁም። ቤትሽ ቁጭ በይ ያለኝ የለም፤ እኔም አላሰብሁትም። ከቤቴ ያው ጎረቤቴ አለች፣ «ደስ ይበልሽ» የምትለዋ።

በሦስተኛው ቀን «ዘጌ» ብዬ ጻፍሁ። ደሴቷ ከዘጌ ፊት ለፊት ነው ያለችው። ቀበሌ ሄጄ «ለዕረፍት» የሚል የይለፍ ወረቀት አስጻፍሁና በጀልባ ተሻገርሁ።

ዘጌም ደረስሁ እንጂ ምርጫው አላለቀም። ሁለት ቤት አሳዩኝ። አንዱ ወደ ውስጥ፣ ቡናው ጫካ መካከል፣ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ፤ ሌላው ውሃው ዳር፣ የወባ ትንኝ የሚርመሰመስበት፣ ደሴቷ ግን ከደጃፉ ፍንትው ብላ የምትታይ። የውሃውን ዳር ያዝሁ። ባለቤቲቱ ባሏ የሞተባት ቀልደኛ ሴት ናት።

«ምነው ልጄ፣ ያንን የመሰለ ቤት ትተሽ ለትንኝ ቀለብ መሆን አማረሽ?» አለችኝ።

ውሃ ማየት እወዳለሁ አልኋት። ጠዋት ጠዋት የእንጨት ዱካ አወጣና ወደ ደሴቷ ዞሬ እቀመጣለሁ። አረንጓዴ ጉብታ ናት፤ ዛፍ ብቻ። ጣራ አይታይ፣ ጭስ አይታይ፣ ሰው አይታይ። የትኛው ዛፍ ሥር እንዳሉ እንኳ አላውቅም። ሳለቅስ እውላለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ እንባዬ እምቢ አለ። ይልቅ ንዴቴ ተመለሰ። «እሺ የኔታ፣ ይኼው መጣሁልዎ፤ አሁንስ ከልካይ የለዎትም፣ ለምን አይታዩኝም?» እላለሁ ጮክ ብዬ።

«ከማን ጋር ነው ይኼ ሁሉ ክርክር?» ትላለች ባለቤቲቱ ከጓሮ። «እኔ እንጃ እንግዲህ! የመንግሥት ሠራተኛ መሆን መታደል ነው፣ ተቀምጦ ውሃ እያዩ ደመወዝ!»

አንድ ሁለቴ ልነግራት ከጫፍ ደረስሁ። አንዲት «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ከማንም ትሁን፣ ከማላውቀው ሰውም ቢሆን። ግን እሷም «ለመነኩሴ አይለቀስም» ብትለኝ የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ሳልነግራት ቀረሁ። እንዲህ ሆኜ ዐሥር ቀን ሞላኝ። ሰው መሀል ሆኖ ሐዘንን ደብቆ መያዝ እንደዚያ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ያ የእንጨት ደንበኛዬ ለደሴቱ እህል ጭኖ በደጃፌ ሲያልፍ አየሁት። ተጣርቼ አስቆምሁት።

«እስከ ድንጋዩ ውሰደኝ» አልሁት። ሴት የምትደርስበት መጨረሻ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ ታንኳ የሚታሰርበት፤ ከዚያ ወዲያ እርምጃ የለም። ምንም ሳይል እህሉን ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ። የደንገል ታንኳ ውሃ ይመጥጣል፤ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ።

እሱ እህሉን ተሸክሞ ወጣ፣ እኔ ታንኳው ላይ ቀረሁ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ወረዱ። ፊቴን አላዩም፤ ውሃውን እያዩ ነው ያናገሩኝ።

«የማን ነሽ ልጄ?»

«የኔታ ልጅ ነኝ፣ አባ። ፋብሪካ ነው የምሠራ።»

ፊታቸውን ወደ ከተማው አዞሩ። እኔ የተቆጡ መስሎኝ ነበር።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሉ።

ዐሥራ አንድ ቀን እምቢ ያለው እንባ መጣ። እንደ ልጅ አለቀስሁ፤ አባ አላቋረጡኝም፣ ለመነኩሴ አይለቀስም አላሉኝም።

«መጀመሪያ ሲመጡ ጎጆ ምረጡ አልናቸው» አሉኝ ጋብ ስል። «በዘጌ በኩል ጥላ አለ፣ ነፋስ የለም፤ አረጋውያኑ ሁሉ እዚያ ነው የሚያርፉ። እሳቸው እምቢ አሉ። በከተማው በኩል፣ ገላጣው ላይ፣ ነፋስ የሚጫወትበትን ጎጆ ካልሰጣችሁኝ አሉ። ብርድ ይገድልዎታል አልናቸው፣ አልሰሙንም። ጠዋት የፋብሪካው ሳይረን ውሃውን ተሻግሮ ሲሰማ ከደጃፋቸው ይቆማሉ። ‹ገባች› ይላሉ። ከሰዓት ሲጮኽ ደግሞ ይቆሙና ‹ወጣች› ይላሉ። ከዚያ ወደ ጸሎታቸው ነው። ማን ናት ብንላቸው ነግረውን አያውቁም። ያረፉ ለትም ጠዋቱን ብለዋታል።»

ባለታንኳው ሲመለስ በከተማው በኩል ዙርልኝ አልሁት። ይርቃል እያለ አጉረመረመ፣ ግን ዞረልኝ። ጎጆዋን አየኋት፤ በገላጣው ብቻዋን፣ ደጃፏ ክፍት፣ ሣሯ በነፋስ ተበጥሯል። ወደ ኋላዬ ዞር ስል ከውሃው ማዶ፣ ከባሕር ዳር ዛፎች በላይ፣ የፋብሪካችን ጭስ ማውጫ ይታያል። እኔ ዐሥራ አንድ ቀን ሙሉ የደሴቷን ጀርባ ሳይ ነው የከረምሁት። ስድስት ዓመት የጻፍኋትን ያችኑ ባሕር ዳር ጽፌ ቤቴ ብቀመጥ ኖሮ ፊት ለፊታቸው ነበርሁ።

«አባዬ» አልሁ። ባለታንኳው ቀና ብሎ አይቶኝ መቅዘፉን ቀጠለ።

በማግሥቱ ዕቃዬን ሰብስቤ ተመለስሁ፤ የቀሩኝን ቀናት ባሕር ዳር ውሃው ዳር ተቀምጬ ጨረስኋቸው። ሥራ በምገባበት ቀን ኃላፊው በር ላይ አገኘኝ።

«እህሳ፣ ዘጌ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነው። ግን ቦታ ተሳስቼ ነበር» አልሁት።

«ድሮስ ወንዛዬ ሂጂ ስትባዪ!» አለና እየሳቀ አለፈ። ማኅደሬ ይታረም አላልሁትም፤ ምኑ ይታረማል? አሁን እውነት ሆኗል።

በሩን ሳልፍ ሳይረኑ ጮኸ። ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ እኔ ወደ ሐይቁ ዞሬ ቆምሁ።

«ገባች» አልሁ።

ዘበኛው «ማን?» አለኝ፤ ዞር ብሎ ከኋላዬ የሚገባ ሰው ፈለገ።

«እኔ ነኝ» አልሁትና ገባሁ።